ቁርጥማት አንድ በሽታ አይደለም፦ የመገጣጠሚያ ሕመም ዓይነቶች ከጎብዬና ከራያ ቆላ አንጻር ሲታዩ

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ጎብዬ የማሽላ አገር ናት። በምዕራብ ከደጋው ተራሮች፣ በምሥራቅ ከዞብል ሰንሰለት መካከል የተዘረጋው የራያ ቆላ ሜዳ ለአራሹ ብዙ ይሰጣል፤ ብዙም ያስከፍላል። የከተማዋ ስም በሰብል ምርምርም ይታወቃል፤ አቀንጭራን እንዲቋቋሙ ከተዳቀሉት የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ» የሚል ስያሜ ተሰጥቶታል። አቀንጭራ ደግሞ አጎንብሰው በእጅ የሚነቅሉት አረም ነው። በዚህ አካባቢ ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ፣ ሲያርምና ሲሸከም የኖረ ሰው ጉልበቱን ወይም ወገቡን ሲያመው ሕመሙን በአንድ ቃል ይጠራዋል፤ ቁርጥማት። ጣቶቿ ማለዳ አልታጠፍ የሚሏት ወጣት እናትም፣ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ትኩሳት የያዘው የአሥር ዓመት ልጅም ሕመማቸው በዚሁ ቃል ይነገራል።

ቃሉ ስሜቱን በሚገባ ይገልጻል፤ አጥንትን እንደ መቁረጥ የሚሰማውን ሕመም ከዚህ የተሻለ የሚናገር ቃል ማግኘት ይከብዳል። በሽታውን ግን አይለይም። ከሦስቱ ሰዎች የመጀመሪያው ምናልባት በዝግታ የሚሄድና ነፍስ የማይነካ ሕመም አለበት። ሁለተኛዋ በጥቂት ወራት ውስጥ ተገቢውን መድኃኒት ካልጀመረች ጣቶቿ ለዘለቄታው ሊጣመሙ ይችላሉ። የሦስተኛው መገጣጠሚያ ያለ ብዙ ሕክምና እንኳ ሊሽር ይችላል፤ የሚያሰጋው ልቡ ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷቸው ወደ ቤታቸው ቢመለሱ ለመጀመሪያው ቀላል እፎይታ፣ ለሁለቱ ግን የጊዜ ብክነት ነው።

ሌላው የተለመደ ቃል «ሪህ» ነው። በአረብኛ «ሪሕ» ነፋስ ማለት ነው፤ በአገራችንም የመገጣጠሚያን ሕመም ከብርድና ከነፋስ ጋር ማያያዝ የቆየ ልማድ ነው። በዛሬው የሕክምና አማርኛ «ሪህ» አብዛኛውን ጊዜ በዩሪክ አሲድ ክምችት ለሚመጣው ጋውት ለተባለው በሽታ ይውላል፤ በዕለት ተዕለት አነጋገር ግን ማንኛውም መገጣጠሚያ ሲያም «ሪህ ነው» ይባላል። በዚህ መደበላለቅ የሚጎዱ ሕሙማን ጥቂት አይደሉም። የሰውነት መከላከያ ሥርዓቷ የገዛ መገጣጠሚያዋን የሚያጠቃባት ሴት ሥጋ እንድትተው ትመከራለች፤ ትተዋለችም፤ በሽታው ግን ከሥጋ ጋር ጉዳይ ስለሌለው ሥራውን ይቀጥላል። የመደበላለቁ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓም «ሩማቲዝም» የሚለው ቃል ለብዙ መቶ ዓመታት ሁሉንም ያቀፈ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ጋሮድ የጋውት ሕሙማን ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ መብዛቱን እ.ኤ.አ. በ1848 አሳየ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም «ሩማቶይድ አርትራይተስ» የሚለውን ስም ለተለየ በሽታ አዋለው። የመለያየቱ ሥራ የተጀመረው ከመድኃኒቱ አስቀድሞ ነው፤ መድኃኒቱ ሊገኝ የቻለውም በመለያየቱ ነው።

የመለያው ጥያቄ

አርትራይተስ በሚለው ስም ሥር የሚመደቡት የበሽታ ዓይነቶች ከመቶ ይበልጣሉ። ይህ ቁጥር በጤና ጣቢያ ውስጥ ለሚሠራ ባለሙያ የሚጠቅመው ነገር ጥቂት ነው። የሚጠቅመው የመጀመሪያው ትልቅ መከፋፈያ ነው፤ ሕመሙ ከመገጣጠሚያው መዳከም የመጣ ነው ወይስ ከብግነት? ይህን ለመለየት ከላቦራቶሪ በፊት ጆሮ ይቀድማል። በሥራ የሚብስ፣ በዕረፍት የሚቀልል፣ ማለዳ ሲነሱ ከግማሽ ሰዓት ላነሰ ጊዜ ብቻ የሚገትር ሕመም ወደ መዳከሙ ያመለክታል። በዕረፍት የሚብስ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ማለዳ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያደነዝዝ፣ ሰውየው መሥራት ሲጀምር የሚፈታ ሕመም ደግሞ ብግነትን ያመለክታል። ሰዓት የማይቆጥር ገበሬ «ስንት ደቂቃ ይገትርሃል?» ቢባል መልሱ አይታመንም፤ «ከብቶቹን አሰማርተህ እስክትመለስ ይለቅሃል ወይ?» ወይም «እሳት አንድደሽ ቡና እስክታፈይ ጣትሽ ይታዘዛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ጥያቄዎች ስንት መገጣጠሚያዎች፣ የትኞቹ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ትኩሳት አለ ወይስ የለም የሚሉት ናቸው። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት፣ ከትኩሳት ጋር፣ ለመንካት እስከሚያስቸግር አብጦ ከተገኘ ሌላው ጥያቄ ሁሉ ይቆያል፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገለጻል።

የድካም በሽታ

ኦስቲዮአርትራይተስ በዓለም ላይ ከሁሉም የሚበዛው ዓይነት ነው። በዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 595 ሚሊዮን ሰዎች አብረውት ይኖሩ ነበር። ቀድሞ የአጥንት ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት እንደ አሮጌ ጎማ ማለቁ ብቻ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ዛሬ የሚታወቀው ከዚህ ይሰፋል፤ ከልም አጥንቱ ሥር ያለው አጥንት ይጠነክራል፤ በዳር በኩል ትርፍ አጥንት ይበቅላል፤ ጅማትና ጡንቻ ይደክማሉ፤ መጠነኛ ብግነትም አብሮ ይኖራል። ሂደቱ ያረጀ ጎማ ሳይሆን ራሱን ለመጠገን ሞክሮ ያልተሳካለት አካል ታሪክ ነው።

በሽታው እንደ ሰው ልጅ የቆየ ነው። ከራያ ቆላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በአፋር ሐዳር እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ እንኳ የአከርካሪ አጥንቷ ጤናማ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ጥናት በጀርባዋ አከርካሪዎች ላይ ያልተለመደ የአጥንት ለውጥ እንዳለ አሳይቷል። የእርሷ ለውጥ ከኦስቲዮአርትራይተስ የተለየ ስም ይሰጠው ይሆናል፤ ቀጥ ብሎ መሄድ ለወገብ ነጻ ስጦታ እንዳልነበረ ግን ይመሰክራል።

ዕድሜ፣ የሴትነት ጾታ፣ የዘር ውርስ፣ የቀድሞ ጉዳት፣ ውፍረትና ከባድ ሥራ ዋናዎቹ አጋላጮች ናቸው። ከተሜው ዘንድ ውፍረት ትልቁን ቦታ ይይዛል፤ ከሰውነት ክብደት የሚቀነስ እያንዳንዱ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና በአራት ኪሎ ያህል እንደሚቀንስ ተለክቷል። በጎብዬ ዙሪያ ባለው ገበሬ ዘንድ ግን «ክብደት ቀንስ» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ ቦታውን የሳተ ነው፤ የሚከብደው የራሱ አካል ሳይሆን የተሸከመው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በእንግሊዝ የወጣ ጥናት ከአሥር ዓመት በላይ በግብርና የቆዩ ሰዎች ላይ የዳሌ ኦስቲዮአርትራይተስ ከሌላው ሕዝብ እጅግ በዝቶ እንደሚገኝ አሳይቷል፤ እነዚያ ገበሬዎች ትራክተር የነበራቸው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ወደ ማሳ የሚወጣ፣ ከበሬ ኋላ በተገለበጠ አፈር ላይ ቀኑን ሙሉ የሚረግጥ፣ ውኃ በጀሪካን በጀርባዋ የምታመላልስ ሰው መገጣጠሚያ የሚሸከመው ከዚያ እንደማያንስ ግልጽ ነው።

የበሽታው ትክክለኛ ክብደት በራጅ ፊልም አይለካም። ፊልሙ ላይ መገጣጠሚያው ተበላሽቶ የሚታይ ሰው ያለ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ ፊልሙ ደህና የሚመስል ሰው ደግሞ መራመድ ሊያቅተው ይችላል። የተሻለው መለኪያ የዕለት ሥራው ነው። በራያ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚኖር በመሆኑ አንድ ጥያቄ ለሁለቱም ይሠራል፤ መስገድ ይቻላል ወይ? ጉልበታቸው አልታጠፍ ያላቸው አረጋዊ ሶላታቸውን ተቀምጠው መስገድ ሲጀምሩ፣ ወይም በሕማማት ስግደት ሲያቅታቸው፣ ጎረቤት ሐኪሙ ካየው በፊት የበሽታውን ደረጃ ያውቃል።

ሕክምናው መጠነኛ ነው፤ ምንም የለም ማለት ግን አይደለም። የጭን ፊት ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ የጉልበትን ሕመም ከብዙ ክኒን ባልተናነሰ እንደሚያስታግስ በተደጋጋሚ ጥናቶች ታይቷል። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ መያዝ ገንዘብ አይጠይቅም። ምርኩዝ ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ሲያዝ ጫናውን ይቀንሳል፤ አብዛኛው ሰው ግን በሚያመው በኩል ይይዘዋል። ሙቀትም ይረዳል፤ የአዲስ አበባ መቀመጫ እንኳ ከፍል ውኃ ጋር የተያያዘ መሆኑ ይታወቃል፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩት በፍል ውኃው አጠገብ ነበር። በመጨረሻው ደረጃ የመገጣጠሚያ ቅየራ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ለአብዛኛው የቆላ ገበሬ ይህ የሩቅ ወሬ ነው።

የገዛ ሠራዊት ሲያምፅ

ሩማቶይድ አርትራይተስ ከቀዳሚው ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው ቢባል ማጋነኑ ጥቂት ነው። ከተጠቂዎቹ ሴቶች ከወንዶች በሁለትና በሦስት እጥፍ ይበልጣሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ልጅ በማሳደጊያና ጓዳ በሚመራበት ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 17.6 ሚሊዮን ሰዎች እንደነበሩበት ይገመታል፤ ከኦስቲዮአርትራይተስ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን በቁጥሩ ልክ አይደለም። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ባዕድ አድርጎ ያጠቃዋል፤ ሽፋኑ ያብጣል፤ ልም አጥንቱንና አጥንቱን እየበላ ይገባል። ምልክቱ የሁለቱም እጆች ትንንሽ መገጣጠሚያዎች በተመሳሳይ ሁኔታ ማበጥ፣ ረጅም የማለዳ መገተርና ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም ነው። ሊጥ ማቡካት፣ እንጨት መስበር፣ ልጅ ማዘል የሚያቅታት እናት ብዙ ጊዜ የምትሰማው «ብርድ ነው» የሚል ነው።

በአፍሪካ ይህ በሽታ የለም ማለት ይቻላል የሚል አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደቡብ አፍሪካ የተካሄዱ ጥናቶች በገጠር በሚኖሩ የጽዋና ሰዎች ዘንድ ብርቅ ሆኖ ሲያገኙት በሶዌቶ ከተማ ግን ከአውሮፓ ጋር የተቀራረበ ሆኖ አግኝተውታል። ይህ ልዩነት ከአኗኗር፣ ከኢንፌክሽን፣ ከትምባሆና ከዕድሜ ጋር እየተያያዘ ዛሬም ያከራክራል። ክርክሩ ለተመራማሪ ጣፋጭ ነው፤ «በእኛ አገር አይገኝም» የሚለው ቅሪቱ ግን ሕሙማንን ይጎዳል፤ የማይጠበቅ በሽታ አይፈለግም፤ ያልተፈለገም አይገኝም።

በደም ውስጥ የሚፈለጉት ሩማቶይድ ፋክተርና ፀረ ሲሲፒ የተባሉት ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። የመጀመሪያው በአንዳንድ ሥር የሰደዱ ኢንፌክሽኖችና በጉበት በሽታ ጊዜም ስለሚገኝ፣ ወባና ቲቢ ባልጠፉበት አገር ውጤቱን ብቻ ይዞ በሽተኛ ማለት አያስኬድም። ሁለተኛው የተሻለ ይለያል፤ ዋጋውና የሚገኝበት ስፍራ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ባይገኙ እንኳ ያበጡት መገጣጠሚያዎች ይቆጠራሉ፤ ጣት ያላቸው ባለሙያዎች የመቁጠሪያ መሣሪያ አይጎድላቸውም።

አጥንት መበላት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ስለሆነ ጊዜ ከመድኃኒቱ እኩል ይቆጠራል። የሕክምናው ምሰሶ ሜቶትሬክሴት ነው፤ ርካሽና በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር በመድኃኒቱ መያዣ ላይ በትልቁ መጻፍ አለበት፤ በየቀኑ የወሰዱት ሰዎች በመቅኒ መዳከም ሕይወታቸውን አጥተዋል። ማንበብ ለማትችል እናት የሚሻለው ቀኑን ከሚታወቅ ነገር ጋር ማሰር ነው፤ ለምሳሌ ከገበያ ቀን ጋር። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይሰጣል፤ ደምና ጉበት በየጊዜው ይመረመራሉ፤ ጽንስን ስለሚጎዳ እርግዝና ከመታሰቡ ወራት በፊት መቆም አለበት። ሃይድሮክሲክሎሮኪንም ያገለግላል፤ ከወባ መድኃኒቶች ቤተሰብ መሆኑ ለቆላ ሰው ስሙን እንግዳ አያደርገውም።

የጥጋብ በሽታ የተባለው

ጋውት ወይም በጠባቡ ትርጉሙ ሪህ በቀላሉ የሚታወቅ ነው። ማታ ደህና የተኛ ሰው ሌሊት የእግሩ አውራ ጣት ሥር በእሳት የተለበለበ ያህል ሆኖ ይነቃል፤ አንሶላ እንኳ ሲነካው ይጮኻል። በደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ በዴሲሊትር ከ6.8 ሚሊግራም ሲያልፍ ሟሙቶ መቆየት ያቅተውና በመገጣጠሚያ ውስጥ መርፌ መሰል ክሪስታል ይሠራል። እነዚህን ክሪስታሎች ማካርቲና ሆላንደር እ.ኤ.አ. በ1961 በልዩ ብርሃን ማይክሮስኮፕ አሳዩ፤ ዛሬም ፈሳሹን ቀድቶ ክሪስታሉን ማየት የማያወላዳ ማረጋገጫ ነው።

ሥጋ፣ የአልኮል መጠጥና ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ ያባብሱታል። ግን ዋናው ምክንያት ኩላሊት ዩሪክ አሲድን በበቂ አለማስወጣቱ ነው፤ ስለዚህ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ሥጋ የሚቀምስ ገበሬም ሊይዘው ይችላል። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድና በአነስተኛ መጠን የሚወሰድ አስፕሪንም ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ። ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ሕመም የሌለበትን ሰው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ብቻ ሪህተኛ ማለት ነው። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ ሕመሙ በተቀሰቀሰበት ሰዓት የዩሪክ አሲዱ መጠን ወርዶ ደህና ሊመስል ስለሚችል «የለብህም» ተብሎ ይሰናበታል። በተደጋጋሚ የሚነሳበት ሰው አሎፑሪኖል ይጀመርለትና መጠኑ ከ6 በታች እስኪወርድ ቀስ እየተባለ ይጨመራል።

ልጁና ከብቱ

ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ዛሬ ጉልበቱን፣ ከነገ ወዲያ ቁርጭምጭሚቱን፣ ከዚያ ክርኑን ሲያመው «ዕድገት ነው» ማለት አደገኛ ነው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ የነበረ የጉሮሮ ሕመም የሩማቲክ ትኩሳትን ሊያስከትል ይችላል። ጉሮሮውን ያጠቃው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የልብን ክፍሎች የሚመስሉ አካላት ስላሉት ሰውነት እርሱን ሲወጋ ልቡንም ይወጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በጅማ ምንም ሕመም የማይሰማቸውን ተማሪዎች በልብ አልትራሳውንድ መርምሮ ከ1,000 ልጆች 30 ያህሉ የሩማቲክ የልብ በሽታ ምልክት እንዳለባቸው አግኝቷል። በዚያው ዓመት የተሻሻለው የጆንስ መስፈርትም በሽታው በበዛባቸው አገሮች የአንድ መገጣጠሚያ እብጠት ወይም ያለ እብጠት የብዙ መገጣጠሚያዎች ሕመም እንኳ ከዋና ምልክቶች እንዲቆጠር ፈቅዷል።

እዚህ ላይ ማስታገሻ ሁለት ስለት አለው። የሩማቲክ ትኩሳት የመገጣጠሚያ ሕመም በአስፕሪን ወይም በአይቡፕሮፌን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጠፋል። ወላጅ ልጁ ዳነ ብሎ ያርፋል፤ ባለሙያም ተዘዋዋሪውን ሕመም ሳያየው ይቀራል። ልጁ ከዓመታት በኋላ በትንፋሽ ማጠር ሲመለስ የልቡ በር ተበላሽቷል። በጊዜው ከታወቀ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ድጋሚውን ይከላከላል፤ ለብዙ ዓመታት መቀጠል አለበት።

ለራያ ቆላ ልዩ ትኩረት የሚገባው ሌላው ብሩሴሎሲስ ነው። ራያ ቆቦ በምሥራቅ ከአፋር ጋር ይዋሰናል፤ ከብት፣ ፍየልና ግመል ድንበሩን አቋርጠው ውኃና ግጦሽ ይጋራሉ። ከብትን የሚያስጨነግፈው ይህ ባክቴሪያ ወደ ሰው የሚተላለፈው ባልፈላ ወተትና ያጨነገፈች እንስሳን እንግዴ ልጅ በባዶ እጅ በመንካት ነው። ዴቪድ ብሩስ ባክቴሪያውን በማልታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1887 ነበር፤ የፍየል ወተት ምንጩ መሆኑ የታወቀው ግን ከ18 ዓመታት በኋላ ነው። በሽተኛው የሚነሳና የሚወርድ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የወገብና የዳሌ ሕመም ይዞ ይመጣል። በወጣቶች ከወገብ በታች ያለውን የዳሌ አጥንት መገጣጠሚያ፣ በሸመገሉት አከርካሪን ይመርጣል።

በቆላ ትኩሳት ያለው ሰው መጀመሪያ ለወባ፣ ቀጥሎ በዊዳል ምርመራ ለታይፎይድ ይታያል። ዊዳል ብቻውን ደካማ ማስረጃ ነው፤ «ታይፎይድ አለብህ» ተብሎ የአንድ ሳምንት ክኒን የወሰደው ብሩሴሎሲስ ያለበት ሰው ጥቂት ይሻለዋል፤ ተመልሶ ይታመማል፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ «ቁርጥማት» ይባላል። ትክክለኛው ሕክምና ዶክሲሳይክሊን ለስድስት ሳምንታት ከስትሬፕቶማይሲን ወይም ከሪፋምፒሲን ጋር ነው፤ አከርካሪ ከተነካ ከዚህም ይረዝማል። ሁለቱ ተደራቢ መድኃኒቶች የቲቢም መድኃኒቶች መሆናቸው ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአከርካሪ ቲቢም በተመሳሳይ የወገብ ሕመም፣ ትኩሳትና መክሳት ይገለጣል፤ ቲቢ መሆኑ ሳይጣራ ለብሩሴላ የተጀመረ ሕክምና ቲቢውን በግማሽ አክሞ መድኃኒት የለመደ ጀርም ሊያስቀር ይችላል። «ወተት አፍሉ» የሚለው ምክርም ቀላል የሚመስለው ለመካሪው ነው፤ ጥሬ ወተት ለእንግዳ የክብር መስተንግዶ በሆነበት ቤት ማፍላት የጣዕም ብቻ ሳይሆን የይሉኝታ ጉዳይ ነው። የእንስሳት ሐኪሙና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አብረው ካልሠሩ አንዱ ያጠፋውን እሳት ሌላው ወገን ያቀጣጥለዋል።

የማይቆዩት

አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ቀልቶ፣ ትኩሳት ከተጨመረበት ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ መግል ያለበት ነው ተብሎ መወሰድ አለበት። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ልም አጥንትን በቀናት ውስጥ ያጠፋል። ፈሳሹ በመርፌ ይቀዳል፤ ይመረመራል፤ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይጀመራል። የወጌሻ እጅ ለወለምታ ብዙ ሰው ጠቅሟል፤ መግል የያዘን ጉልበት ማሸት ግን መግሉን ወደ ደም መንዛት ነው። ዋግምትም እንዲሁ፤ በተመታ ቆዳ በኩል አዲስ ጀርም ያስገባል።

ከቫይረሶች ቺኩንጉንያ ለቆላው ቅርብ ነው። ስሙ ከታንዛኒያና ሞዛምቢክ ድንበር ከሚነገረው የማኮንዴ ቋንቋ የመጣ ሲሆን የሚያጎብጥ የሚል ሐሳብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በድሬዳዋ በተነሳው ወረርሽኝ ከ40,000 በላይ ሰዎች ተጠርጥረው ተመዝግበዋል። ትኩሳቱ በሳምንት ይሄዳል፤ የመገጣጠሚያው ሕመም ግን በአንዳንዱ ላይ ለወራት ይቆይና ሩማቶይድ አርትራይተስን ይመስላል። ውኃም ራሱ ሊጎዳ ይችላል፤ በስምጥ ሸለቆ በወንጂ የስኳር እርሻ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ያጠኑት የአጥንት ፍሎሮሲስ ከጉድጓድ ውኃ የመጣ ሲሆን አከርካሪን እስከ መገተር ያደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚፈቅደው ፍሎራይድ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የጉድጓድ ውኃ በሚስፋፋበት ማንኛውም ቆላ ይህ መለካት ያለበት ነው።

ሉፐስ፣ ከቆዳ በሽታ ጋር የሚመጣው የሶሪያሲስ አርትራይተስ፣ ኤችአይቪን ተከትለው የሚታዩት ብግነቶች የየራሳቸው ምዕራፍ አላቸው፤ በመጀመሪያው ደረጃ ለማሰብ ቆዳን፣ ዓይንንና ሽንትን መመልከት ይበቃል።

በመድኃኒት ቤቱ መስኮት

ከሁሉም በፊት ግን አብዛኛው ሕመምተኛ የሚቆመው በመድኃኒት ቤት መስኮት ነው። እዚያ የሚገዙት ዳይክሎፌናክ፣ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ሁሉንም የመገጣጠሚያ በሽታ በጥቂት ሰዓት ያስታግሳሉ፤ ዝናቸውም አደጋቸውም ከዚህ ይመነጫል። ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ያደማል፤ በቆላ ሙቀት ውኃው ባለቀበት ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በአጨዳ ወቅት ቀኑን በፀሐይ ውሎ ማታ መርፌ የሚወጋ ሠራተኛ ሁለቱን በአንድ ላይ ይጋብዛል። ስቴሮይዶቹ ታሪካቸው የተለየ ነው። ፊሊፕ ሄንች እ.ኤ.አ. በ1948 ኮርቲሶንን ለሩማቶይድ አርትራይተስ ሕመምተኛ ሰጥቶ አልጋ ላይ የነበረች ሴት ስትራመድ ሲታይ ዓለም ተደነቀ፤ በ1950 የኖቤል ሽልማት ተከተለ፤ ፊት ማበጥ፣ ስኳር፣ የአጥንት መሳሳትና ለኢንፌክሽን መጋለጥም ወዲያው ተከተሉ። ዛሬ በአነስተኛ መጠንና ለአጭር ጊዜ፣ ሜቶትሬክሴት ሥራውን እስኪጀምር ድረስ እንደ ድልድይ ያገለግላሉ።

በመስኮቱ የሚሸጠው ግን ድልድይ ሳይሆን መኖሪያ ሆኗል። «የሚያወፍረው ክኒን» ተብሎ ለወራት የተወሰደ ዴክሳሜታሶን በድንገት ሲቋረጥ የሰውነት የራሱ ኮርቲሶል ተኝቶ ስለቆየ ሰውየው ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። በተዘዋዋሪ ሕመም የመጣውን ልጅ፣ በብሩሴላ የተያዘውን እረኛና ቲቢ ያለበትን አዛውንት ለጊዜው እኩል ያሽላቸዋል፤ በሁለቱ የመጨረሻዎቹ ኢንፌክሽኑ ያለ ከልካይ ይስፋፋል። ጎብዬ ያለ የመድኃኒት ባለሙያ ከወልድያ ወይም ከደሴ ሐኪም ይልቅ ብዙ የመገጣጠሚያ ሕሙማንን ያያል። ሦስት ጥያቄ ከሸያጭ በፊት መጠየቅ ይችላል፤ ትኩሳት አለ ወይ? ማለዳ እስከ መቼ ይገትራል? ይህን ክኒን ከዚህ ቀደም ለስንት ጊዜ ወስደዋል? ትኩሳት ያለበት አንድ ያበጠ መገጣጠሚያ በዚያው ቀን፣ ሕመሙ የሚዘዋወርበት ልጅ በዚያው ሳምንት፣ ሁለት እጆቿ ያበጡባት ሴት በዚያው ወር ወደ ሆስፒታል ሊላኩ ይገባል።